ጥሩ ቀለም በምን ይታወቃል? የቀለም ዱቄት መበተንና የግድግዳ ዕድሜ

በጡረታ ለሚተዳደር ሰው ቤትን ማስቀባት ቀላል ወጪ አይደለም። ጣሳው ይገዛል፣ ቀቢው ይከፈለዋል፣ ዕቃው ከክፍል ወደ ክፍል ይገፋል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ግድግዳው በዓመቱ ቢዥጎረጎር፣ ሲነካ ነጭ ዱቄት ቢለቅ፣ ወይም የአሮጌው ቀለም መልክ ከሥር ብቅ ቢል ሰው ጥፋቱን ለቀቢው ወይም ለርጥበቱ ይሰጣል። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ችግሩ የተጀመረው ብሩሹ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ገና በጣሳው ውስጥ ነው። ለቀለሙ መልክ የሚሰጠው ዱቄት በደንብ ካልላመ፣ ካልተነጣጠለ ወይም ተመልሶ ከጓጎለ የቀቢው ጥበብ ብቻውን አያድነውም።

ይህ ጽሑፍ የቀለም ዱቄት በፈሳሹ ውስጥ እንዴት እንደሚበተን፣ መበተኑ ለምን የቀለሙን ጥራት እንደሚወስን፣ እንደ ቤር ሼቫ ባለ ፀሐይና አቧራ በበዛበት ከተማ ቀለም ሲገዛና ሲቀባ ምን መታየት እንዳለበት ያብራራል።

በጣሳው ውስጥ ያለው

የግድግዳም ሆነ የእንጨት ወይም የብረት ቀለም በአብዛኛው ከአራት ነገሮች ይሠራል።

የመጀመሪያው የቀለም ዱቄት ነው፤ ፒግመንት ይባላል። ነጩን፣ ቀዩን ወይም ቢጫውን መልክ የሚሰጠውና የታችኛውን ግድግዳ የሚሸፍነው እሱ ነው። ሁለተኛው ማያያዣው ነው፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ሆኖ ዱቄቱን እርስ በርሱና ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። ዛሬ በብዙ የቤት ቀለም ውስጥ ያለው ማያያዣ አክሪሊክ የሚባለው የፕላስቲክ ወገን ነው። ሦስተኛው ፈሳሹ ነው፤ ውሃ ወይም እንደ ተርፐንታይን ያለ ማቅጠኛ። ሥራው ቀለሙን ለመቀባት ማመቸት ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ተንኖ ይሄዳል። አራተኛው በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመሩ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አረፋ የሚያጠፉ፣ ሻጋታ የሚከላከሉ፣ ቀለሙን የሚያወፍሩ፣ እንዲሁም ዱቄቱ እንዳይጓጉል የሚያደርጉ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ስኳር በሻይ ውስጥ ይሟሟል፤ ከሟሟ በኋላ አይታይም። የቀለም ዱቄት ግን አይሟሟም። እንደ ጉሽ ጠላ ነው፤ ደቃቅ ነገር በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ ይንሳፈፋል፣ ጊዜ ካገኘም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የቀለም ሥራ ዋናው ፈተና የማይሟሟውን ዱቄት በእኩል በትኖ ማቆየት ነው።

ዱቄት ለምን ይጓጉላል?

ገንፎ ያገነፋ ወይም ሹሮ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ በፈላ ውሃ ላይ ቢደፋ ውጪው ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል። ጓሉ ውስጥ ያለው ዱቄት ውሃ አላገኘም፤ ስለዚህ ምንም ያህል ቢበዛ ወጡን አያወፍረውም። ባለሙያዋ ግን ዱቄቱን አስቀድማ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ትበጠብጠዋለች፣ በደንብ ታሸዋለች፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ትጨምራለች። የቀለም ፋብሪካም የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛው ማርጠብ ነው። በደረቁ ዱቄት ቅንጣቶች መካከል አየር አለ፤ በአንዳንዱም ላይ ቅባት የመሰለ ነገር አለ። ፈሳሹ አየሩን አስወጥቶ እያንዳንዱን ቅንጣት ዙሪያውን ማርጠብ አለበት።

ሁለተኛው መነጣጠል ነው። የቀለም ዱቄት ከፋብሪካ ሲወጣ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንደ ጓል ሆነው ነው። ጓሉ በኃይል ተመትቶ፣ ታሽቶ ወይም ተፈጭቶ መበታተን አለበት።

ሦስተኛው ተነጣጥሎ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ደቃቅ ቅንጣቶች ከተነጣጠሉ በኋላ ቢገናኙ እንደገና ይሳሳባሉ። ይህን ለመከልከል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለቅንጣቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙላት መስጠት ነው፤ ያን ጊዜ እንደ ማግኔት ተመሳሳይ ጫፎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ሌላው እያንዳንዱን ቅንጣት ረጃጅም ክር በመሰለ ነገር ማልበስ ነው፤ ክሮቹ ቅንጣቶቹን አራርቀው ይይዟቸዋል። የተሻሉ ቀለሞች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይጠቀማሉ።

ከሦስቱ የመጨረሻው በቀላሉ የሚረሳው ነው። በደንብ የተፈጨ ዱቄት ማቆያ ካላገኘ በመደርደሪያ ላይ ወራት ሲቀመጥ ተመልሶ ይጓጉላል። ያን ጊዜ መፈጨቱ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ወፍጮ፣ ጥላሸትና ሙጫ

ይህ ዕውቀት በፋብሪካ አልተጀመረም። የቀለም መካኒክና ኬሚስት ከመምጣቱ በፊት በብዙ አገር ሠዓሊዎች ዱቄታቸውን በዘይት ወይም በእንቁላል ለውሰው በለሰለሰ ድንጋይ ላይ በእጅ ይፈጩት ነበር። ሥራው በወፍጮና በመጅ ከሚደረገው ጋር ይመሳሰላል፤ መጁ ወፍጮው ላይ ደጋግሞ ሲሄድ ጓሉን የሚሰብረው የድንጋዩ ክብደት ብቻ ሳይሆን መፋተጉ ነው።

በኢትዮጵያ የብራና ጽሕፈት ጥቁር ቀለም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ቋንቋ በብራና ያነበቡት በእጅ በተጻፈ መጽሐፍ ነው። የዚህ ዓይነት ብራና ጥቁር ቀለም መሠረቱ ካርቦን ነው፤ ከጥላሸት፣ ከምድጃ ጥቀርሻ፣ ተቆልቶ ካረረ እህልና ከመሳሰለው ይዘጋጃል። አዘጋጁ ይህን አልሞ ይፈጨዋል፣ በውሃ ይለውሰዋል፣ ለወራት ያቆየዋል፣ እየደጋገመም ያሸዋል። ሲፈልግ አድርቆ ያስቀምጠዋል፣ ለጽሕፈት ሲደርስ እንደገና ያረጥበዋል። እንዲይዝለትም እንደ ግራር ሙጫ ያለ ነገር ይጨምርበታል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ምክንያት አለው። ጥላሸት ውሃ አይወድም፤ በውሃ ላይ ቢበተን ይንሳፈፋል እንጂ አይረጥብም። ለረጅም ጊዜ መቀመጡና መታሸቱ ውሃው ቀስ በቀስ እንዲገባበት ያደርጋል። የግራር ሙጫ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሲደርቅ ቀለሙን ከብራናው ጋር ያጣብቃል፤ ገና እርጥብ ሳለ ደግሞ የጥላሸቱን ቅንጣቶች አልብሶ እንዳይጓጉሉ ያራርቃቸዋል። ዛሬ ፋብሪካዎች ከኬሚካል ድርጅት የሚገዙት ማራራቂያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ውጤቱ በዓይን ይታያል። በደንብ ያልታሸ ጥላሸት መቃ ብዕሩን ይዘጋል፣ ፊደሉ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ጥቁረቱም ወደ አመድማ ይሄዳል። በደንብ የታሸው ግን ከብዕሩ ያለ መቆራረጥ ይፈስሳል፣ ፊደሉም ጥርት ብሎ ይጠቁራል። ካርቦን በብርሃን ስለማይለቅ፣ በደንብ የተሠራ የብራና ቀለም ለመቶ ዓመታት ጥቁር ሆኖ ይነበባል።

የገጠር ቤትን ግድግዳ በነጭ ወይም በቀይ አፈር መለቅለቅም ያው ሕግ አለው። አፈሩ ይደቅቃል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ጠጠሩ ከሥር ሲቀር ላዩ ይቀዳል። ከባዱ ሲዘቅጥ ደቃቁ ተንሳፍፎ ይቀራልና። በፈሳሽ ውስጥ የአንድ ቅንጣት ውፍረት እጥፍ ቢሆን የሚዘቅጥበት ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው የጓጎለ ቀለም በጣሳው ሥር ፈጥኖ የሚከማቸው።

ዛሬ በፋብሪካ

እስራኤል ውስጥ ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ብዙ ጊዜ ታምቡሪያ ይባላል። ስሙ የመጣው በ1936 ከተመሠረተውና በዓኮ ፋብሪካ ካለው ታምቡር ከተባለው የቀለም ድርጅት ነው። ወደ ቤር ሼቫ ቀረብ ሲል ደግሞ ኒርላት የተባለው የቀለም ድርጅት መነሻው በምዕራብ ነገቭ የሚገኘው ኪቡጽ ኒር ዖዝ ነው።

ቀለም በየትም ፋብሪካ ቢሠራ አካሄዱ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ዱቄቱ ከጥቂት ፈሳሽና ከማራራቂያው ጋር ወፈር ብሎ ይለወሳል። ወፍራም የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ቀጭን ከሆነ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሳይፋተጉ ያመልጣሉ። ከዚያ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ክብ የብረት ሳህን በበርሜሉ ውስጥ በኃይል ይሽከረከራል። የሳህኑ ጠርዝ በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ለግድግዳ ቀለም ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በጣም ለሚያንጸባርቅ ቀለም፣ ለመኪና ቀለም ወይም እንደ ጥቁር ካርቦን ላለ ለማይበገር ዱቄት ግን ሌላ ወፍጮ ያስፈልጋል። ይህ ወፍጮ በውስጡ ጠንካራ ትናንሽ ዶቃዎች አሉት፤ ዶቃዎቹ ብዙ ጊዜ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አይርቅም። ቀለሙ በመካከላቸው ሲያልፍ ዶቃዎቹ እየተጋጩ ጓሉን ይሰብሩታል። ይህ እንግዲህ የወፍጮና የመጅ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ መጁ በሺህ የሚቆጠር መሆኑ ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረው ማያያዣና ፈሳሽ ይጨመራል። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ወፍራሙ ቀለም በአንድ ጊዜ ብዙ ፈሳሽ ቢደፋበት ቅንጣቶቹን ያለበሰው ማራራቂያ ይነጠቅና ቀለሙ በዚያው ይጓጉላል። ቀስ በቀስ የሚባለው ምክር በፋብሪካም ይሠራል።

የፋብሪካው ባለሙያ መላሙን የሚለካበት ቀላል መሣሪያ አለው። በላዩ ቦይ የተቆፈረበት የብረት ሰሌዳ ነው። ቦዩ በአንድ ጫፍ ብዙ ጊዜ 100 ማይክሮን ይጠልቃል፣ እየሳሳ ሄዶ በሌላው ጫፍ ዜሮ ይሆናል። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀለሙ ጥልቁ ጫፍ ላይ ይጠብና በስለት ወደ ሳሳው ይጎተታል። ጠጠር መሰል ነገር መታየት የሚጀምርበት ቦታ ትልቁ ጓል ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ለሚያንጸባርቅ ቀለም 10 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ይፈለጋል፤ ለማያንጸባርቀው የግድግዳ ቀለም ከዚያ የሚሻክርም ይፈቀዳል።

ነጭ ቀለም የሚሸፍነው እንዴት ነው?

በዛሬ ነጭ ቀለም ውስጥ ዋናው ዱቄት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። በሰፊው መመረት የጀመረው ከ1910ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ መርዛማውን የእርሳስ ነጭ ቀለም ተክቷል። ከቀለሙ ውድ ክፍሎች አንዱ እሱ ነው።

ይህ ዱቄት የሚሸፍነው ብርሃንን በመበተን ነው። ብርሃን በቀለሙ ውስጥ ሲገባ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየተጋጨ ወደ ውጭ ይመለሳል፣ ከሥር ያለውን ግድግዳ ሳይነካ። ሥራውን በጣም የሚያከናውነው ቅንጣቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮን ሲሆን ነው፤ ይህም ዓይን ከሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ አካባቢ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ ቅንጣት ከ200 ጊዜ በላይ ይወፍራል።

አሁን አሥር ቅንጣቶች ተጓጉለው አንድ ሆኑ እንበል። ክብደታቸው ያው ነው፣ ዋጋቸውም ያው ነው። ብርሃኑን የሚበትነው ግን አሥር ሳይሆን እንደ አንድ ትልቅ ቅንጣት ነው። በጓሎቹ መካከል ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ብርሃኑ በዚያ አልፎ አሮጌውን ግድግዳ ይነካል፣ ያንኑ መልክ ይዞ ይመለሳል። ገዢው ለነጩ ዱቄት ከፍሏል፣ የሚያገለግለው ግን ከፊሉ ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ገንዘብ ሲመለስ እንዲህ ነው። ለምሳሌ የአንድ ክፍል ግድግዳ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ቢቀባ፣ ለአንድ እጅ 4 ሊትር ይወስዳል። በሁለት እጅ የሚሸፍን ቀለም 8 ሊትር ይጨርሳል። በአራት እጅ ካልሆነ የማይሸፍን ቀለም 16 ሊትር ይጨርሳል። ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ቢገዛም የቀለሙ ወጪ እኩል ነው፤ የቀቢው ጉልበትና ጊዜ ግን እጥፍ ሆኗል።

ርካሽ ነጭ ቀለም ሌላ ነገርም ያሳያል። ከቲታኒየሙ ይልቅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበዛበትና ማያያዣው ያንሳል። ሲደርቅ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚገባ ነጭና የሸፈነ ይመስላል። በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ ግን አየሩን ውሃ ይተካውና ከሥር ያለው ይታያል። የኖራ ቅብ ያየ ሰው ይህን ያስታውሳል፤ ሲቀባ ግራጫ መስሎ ሲደርቅ ይነጣል።

የጓጎለ ቀለም የሚያስከትለው ችግር

ዱቄቱ በደንብ ያልተበተነ ቀለም የሚታወቅባቸው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

መዥጎርጎር። ከሁለትና ከሦስት ዱቄት የተቀላቀለ ቀለም ላይ አንዱ ቀለል ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ግራጫው ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስመር ይታያል፤ በብሩሽ የተቀባው ጥግና በሮለር የተቀባው መሐል መልካቸው አይገጥምም።

የመልክ ድክመት። ጥቁሩ አመድማ፣ ቀዩ የደበዘዘ ይሆናል። ቀለሙ ውስጥ ዱቄት ስላነሰ አይደለም፤ ያለው ስለተጓጎለ ነው።

ሻካራነትና ማንጸባረቅ ማጣት። አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር ሲቀባ ገና እርጥብ ሳለ ውፍረቱ 100 ማይክሮን ነው። ፈሳሹ ተንኖ ሲደርቅ ከዚህ ግማሽ እንኳ ላይቀር ይችላል። በ40 ማይክሮን ሽፋን ውስጥ 60 ማይክሮን የሆነ ጓል ካለ አናቱ ከቀለሙ በላይ ይወጣል። እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል፣ አቧራም ይይዛል።

ውሃ ማስገባት። ጓሉ ውስጥ ማያያዣ ያልደረሰበት ደረቅ ቦታ ስላለ እንደ ቀዳዳ ያገለግላል። ይህ በተለይ ለመስኮት ብረትና ለበረንዳ አጥር መጥፎ ነው፤ ርጥበቱ በዚያ ገብቶ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ይጀምራል።

መዝቀጥ። ጣሳው ሥር ጥቂት ዝቃጭ መኖሩ ብቻውን ቀለሙ መጥፎ ነው አያሰኝም። ማማሰያው በቀላሉ ከገባበትና ተመልሶ ከተቀላቀለ ደህና ነው። እንደ ደረቀ ጭቃ ጠንክሮ የማይለቅ ከሆነ ግን ያ ጣሳ ቢተው ይሻላል።

የቤር ሼቫ ፀሐይና አቧራ

ቤር ሼቫ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፀሐዩ ግን ይበዛል፤ በሻራቭ ቀናት ከበረሃ የሚነሣው አቧራ ሁሉን ያለብሳል። እንደ ሽኹና ጊሜልና ሽኹና ዳሌት ባሉ ሰፈሮች የሚገኙ የቆዩ የሺኩን ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳ ይህን ሁሉ ይቀበላል።

የፀሐይ ብርሃን ማያያዣውን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም ፀሐይና ርጥበት ሲያገኝ ይህን ማፍረስ ያግዛል። ለዚህ ሲባል ለውጭ ቀለም የሚሆነው ዱቄት ቅንጣቱ በቀጭኑ በሌላ ማዕድን ተሸፍኖ ይዘጋጃል። ማያያዣው ሲያልቅ ዱቄቱ የሚይዘው ያጣና በእጅ ላይ ይቀራል። መዳፍን በውጭ ግድግዳ ላይ አሽቶ ማየት ቀላል ምርመራ ነው። ብዙ ነጭ ዱቄት ከተገኘ አዲሱ ቀለም በቀጥታ ቢቀባበት ከዱቄቱ ጋር ይላላጣል። መጀመሪያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መሠረት ቀለም ሊቀባበት ይገባል።

የቀለም ምርጫም ልዩነት ያመጣል። ከብረት ዝገት ወገን የሆኑት ዱቄቶች፣ ማለትም የአፈር ቢጫ፣ ቡናማና ቀይ አፈር የሚመስሉት፣ ፀሐይን በጣም ይችላሉ። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ከሆኑት ብዙዎቹ ግን ቶሎ ይለቃሉ። ለፀሐይ በተጋለጠ ግድግዳ የአፈር መልክ መምረጥ ያዋጣል።

የተረፈን ቀለም በበረንዳ ማስቀመጥም ጉዳት አለው። የበጋው ሙቀት ማራራቂያውን ያደክማል፣ ቀለሙም ይጓጉላል። በክረምት ቢቀዘቅዝና በረዶ ቢሠራ ደግሞ በውሃ የተሠራ ቀለም ተመልሶ ላይስተካከል ይችላል። በቤት ውስጥ ጥላ ባለበት፣ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ ቢቀመጥ ይቆያል።

በታምቡሪያው

ብዙ ሱቆች ቀለሙን እዚያው በማሽን ይቀላቅላሉ። ነጩ መሠረት በጣሳው አለ፤ ማሽኑ አስቀድሞ የተፈጨ ወፍራም ቀለም በጠብታ መጠን ይጨምርበታል፣ ከዚያ ጣሳው ይናጣል። ገዢው ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ጣሳው እስኪበቃው መናጡን ማየት ይገባል። ቸኩሎ የተናጠ ጣሳ ውስጥ የተጨመረው ቀለም በጥግ ይቀራል፣ ቤት ሲደርስ ግድግዳው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ክፍል የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛትና የምርት ቁጥሩ አንድ መሆኑን ማረጋገጥም ይጠቅማል። ቁጥሩ የተለያየ ከሆነ ጣሳዎቹን በአንድ ትልቅ ባልዲ አቀላቅሎ መቀባት መልኩን ያስተካክላል። የተመረተበት ቀን የራቀ ጣሳ በቅናሽ ሲሸጥ ከመክፈል በፊት ከፍቶ ሥሩን በማማሰያ መንካት ብልህነት ነው።

በመቀባት ጊዜ

ጣሳው እንደተከፈተ ላዩ ላይ ቆዳ ካለ ሳይሰባበር ይነሣ። ጠፍጣፋ እንጨት ይዞ ከሥር ወደ ላይ፣ ጥግ ጥጉን እየፋቁ ለብዙ ደቂቃ ማማሰል ያስፈልጋል። ክብ ክብ ብቻ ማዞር ላዩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ዝቃጩን አያነሣም። ከዚያ በኋላ ጓል ከቀረ ቀለሙን በአሮጌ ቀጭን የሴት ካልሲ ማጥለል ይቻላል። ይህ ጠጠሩን ያስቀራል፤ ሆኖም የጠፋውን የመሸፈን ኃይል አይመልስም።

ማቅጠን የሚበዛው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ቀለም እንዲበረክት ተብሎ ውሃ ሲበዛበት ሦስት ነገር ይደርሳል። ማራራቂያው ሳስቶ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ማያያዣው ሳስቶ ግድግዳው ዱቄት ይለቃል፣ ሽፋኑም ይሳሳል። በጣሳው ላይ ከተጻፈው መጠን ማለፍ አይገባም፤ የተፈቀደውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። የዘይት ቀለም በተርፐንታይን፣ የውሃ ቀለም በውሃ ይቀጥናል፤ ሁለቱ ከተለዋወጡ ቀለሙ ወዲያው ይበላሻል።

ክፍሉን ሁሉ ከመቀባት በፊት የሚደረግ የጣት ምርመራ አለ፤ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ቀለሙ በካርቶን ላይ ይቀባል። ሊደርቅ ሲል፣ ገና ሲያጣብቅ፣ አንዱ ጥግ በጣት ይታሻል። የታሸው ቦታ መልኩ ካልታሸው ከተለየ ዱቄቱ ጓጉሏል ማለት ነው፤ ጣቱ ጓሉን ስለበተነው እውነተኛው መልክ ወጣ። መልኩ አንድ ከሆነ ቀለሙ ደህና ነው። ልዩነት ከታየ ካርቶኑን ይዞ ወደ ሱቁ መመለስ ከክርክር ይሻላል፤ ሻጩ በዓይኑ ያየዋልና።

በሻራቭ ቀንና በቀትር ፀሐይ የውጭ ግድግዳ አይቀባ። ፈሳሹ ቶሎ ስለሚተን ቀለሙ በእኩል ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ አቧራውም እርጥቡ ላይ ይጣበቃል። ማለዳ ወይም ፀሐይ ከዞረ በኋላ ይሻላል።

በጣሳው ላይ የሚገኙ የዕብራይስጥ ቃላት

በጣሳው ላይ ያለውን ዕብራይስጥ ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው እነዚህን ቃላት ሻጩን ወይም የልጅ ልጁን ሊጠይቅባቸው ይችላል።

ለዓርቤቭ ሄይቴቭ ሊፍኔይ ሀሺሙሽ፦ ከመጠቀም በፊት በደንብ ይማሰል።
ዲሉል፦ ማቅጠን። ከአጠገቡ በመቶኛ የተጻፈው ሊጨመር የሚችለው የውሃ ወይም የማቅጠኛ መጠን ነው።
ኮሼር ኪሱይ፦ የመሸፈን ኃይል።
ታአሪኽ ዪጹር፦ የተመረተበት ቀን።
ሚስፓር አጽቫ፦ የምርት ዙሩ ቁጥር። ለአንድ ክፍል የሚገዙ ጣሳዎች ቁጥራቸው አንድ ቢሆን ይመረጣል።
ኪሮት ፕኒም፦ የውስጥ ግድግዳ። ኪሮት ሑጽ፦ የውጭ ግድግዳ። የውስጥ ቀለም ለውጭ አይሆንም።
ጼቫ የሶድ፦ መሠረት ቀለም፤ ከዋናው በፊት የሚቀባ።
ራሒጽ፦ የሚታጠብ።
ሲድ፦ የኖራ ወገን የሆነ ቅብ፤ ለጣሪያና ለደረቅ ቦታ የሚሆን።

ቀቢ የሚያሠራ ሰው ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር ቢያይ ይበቃዋል። ጣሳው በፊቱ ይከፈት፣ ከሥሩ ይማሰል፣ የሚጨመረው ውሃ ይለካ። ቀቢው ደህና ባለሙያ ከሆነ ይህን ራሱ ያደርገዋል፣ መጠየቁም አያስቀይመውም። በሥራው መካከል ለምሳ ዕረፍት ሲወጣም ጣሳው ይከደን፤ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይማሰል፣ ዱቄቱ በዚያች ሰዓት ውስጥ መዝቀጥ ጀምሯልና።